የስቅለት ዕለት የበላሁት ዳቦ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ጉርድ ሾላ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቄ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። አምፖል ገዝቶ፣ ቤቱ ወስዶ ሰብሮ፣ «አልበራ አለኝ» ብሎ የሚመልስ ሰው ሲገጥመኝ ድምፄ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ሚስቴ «አንተን እግዜር ሲያበጅህ አፈሩ ላይ ሚጥሚጣ ተደፍቶበታል» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ለቅዱስ ቁርባን መዘጋጀት ምን ያህል እንደሚከብደው እንግዲህ ገምቱት።

እኔና እሷ የተጋባነው በሰማንያ ነው፤ በሽማግሌና በፊርማ። አብሮ ቆርቦ ትዳርን በቤተ ክርስቲያን ማጽናት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሷ ደግሞ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ወርቅ ግዛልኝ ብላኝ አታውቅም፣ ውጭ አገር ውሰደኝ ብላኝ አታውቅም። ሳንቆርብ ከሞትን በወዲያኛው ዓለም የምንጠፋፋ ይመስላት ነበር። «እዚያ ደርሼ ስፈልግህ ባጣህስ?» ትለኛለች፤ ስትለው ደግሞ አትስቅም። በየዓመቱ የሆነ ነገር ያደናቅፈናል። አንድ ዓመት እናቷ አረፉ። ሌላ ዓመት እኔ ትርፍ አንጀቴን ኦፕሬሽን ተደርጌ ተኛሁ። አንዳንዱ ዓመት ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት፣ ዛሬ ነገ ስንል አለፈ።

ያን ዓመት ግን ቆረጥን። ገርጂ ባለው ደብር የሚያገለግሉት የንስሐ አባታችን፣ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ከቁመታቸው የባሰ አጭር የሆነ ቄስ ናቸው። ሁለታችንንም አስቀምጠው ቀኖናችንን ነገሩን፤ ከንስሐ በኋላ የምንፈጽመው ግዴታ አክፍሎት ሆነ። ሐሙስ ማታ ጉልባኑን ከቀመስን በኋላ የትንሣኤ ቅዳሴ እስኪፈጸም ድረስ እህልም ውሃም በአፋችን አይዞርም፤ በዚያው ሌሊት አብረን እንቆርባለን። «ከሁለት አንዳችሁ ካፈረሳችሁ ፈርሷል። አብራችሁ ነው የምትቀርቡት» አሉ። ሚስቴ የሐበሻ ቀሚስ አሠራች፤ ጥለቱ ነጭ በነጭ የሆነ። መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅላው ስታልፍ ስታገድም በእጇ ታቃናዋለች። ሰርጓን በስተርጅና እንደ አዲስ የምትደግስ ትመስል ነበር፤ እኔም እሷን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ስለ ተከራዮቻችን ልንገራችሁ። ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ባልና ሚስት ይኖራሉ። እሱ ኢምፔሪያል አካባቢ የሕፃናት ልብስ ይሸጣል። እሷ ገና ልጅ እግር ናት፤ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ደርሶ ነበር። በረመዳን ሳምቡሳ ይልኩልናል፤ በእኛ በዓል ደግሞ ሚስቴ ሥጋ ያልነካውን ሁሉ ለእነሱ ለይታ ትልካለች። ባልየው ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ሻይ ይጋብዘኛል። ትርፍ አንጀቴን ስታከም ደሜ ኦ ኔጋቲቭ መሆኑን፣ ይህም ብርቅ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮኝ ነበርና እኔ ጉራዬን በእሱ ላይ እነፋለሁ። «እኔን እንደ ተራ ሰው አትየኝ፤ ደሜ እንኳ ተፈልጎ አይገኝም» እለዋለሁ። እሱም «ጋሼ፣ ቁጣዎትስ ተፈልጎ ይገኛል?» ብሎ ይስቅብኛል።

ስቅለት ደረሰ። ከጠዋት ጀምረን በደብሩ ስንሰግድ ወደ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከንፈሬ ደርቆ ተጣብቋል፤ ጉልበቴ በወረድኩ በተነሣሁ ቁጥር ይንቋቋል። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሶ ይወርዳል፣ ይነሣል። ያን ጊዜ ነው አንድ ሰው ነጭ ሳይለብስ፣ ሳይሰግድ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በሕዝቡ መሃል ሲሽሎኮለክ ያየሁት። ጎንበስ እያለ የሰዉን ፊት ያያል። ሁሉም ነጠላ ተከናንቦ ግንባሩን መሬት አስነክቷል፤ ማንን ከማን ይለያል? አንድ አስተባባሪ ክንዱን ያዘው። ቀና ስል ተከራዬ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። «ዛሬም? ቧንቧው ፈንድቶ ነው?» አልኩት፣ እዚያው በጉልበቴ እንዳለሁ።

«ጋሼ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው» አለኝ።

ጎትቼ ወደ አጥሩ ወሰድኩት። ጠዋት ምጧ ሲመጣ ሆስፒታል ወስዷት በሰላም ሴት ልጅ ተገላግላለች። ከዚያ በኋላ ግን ደሙ አልቆም አለ። ለእሷ የሚሆን አንድ ከረጢት ደም ተገኝቶ እሱም አልቋል፤ ሌላ እየተፈለገ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ ግን የሚያውቅ የለም። «ያ እርስዎ የሚሉት ደም ነው አሉኝ፤ ኦ ኔጋቲቭ» አለ። «ስልክዎት ዝግ ነው። እዚህ መግባት ይቻል አይቻል አላወቅሁም፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።»

ለሚስቴ ልንገራት ብዬ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞርኩ። ሺህ ነጭ ነጠላ ነው። ስልኳን ደግሞ ለስቅለት ይዛ አትወጣም። ትንሽ ተንጠራራሁ፣ አጣኋት፣ ተውኩት።

በስልክ መኪና ጠርተን ወጣን። በሌላ ስቅለት መንገዱ ባዶ ነው እላለሁ፤ ያን ዕለት ግን ኢምፔሪያል ስንደርስ በግ ነው፣ በግ ብቻ። ነጋዴው መንጋውን አስፋልት ላይ ለቆ ከገዢ ጋር ይከራከራል። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ በጎቹ ያዩታል። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጮህኩ፤ ደረቅ ጉሮሮዬ ግን ድምፅ አላወጣ አለኝ። በዕድሜዬ ቁጣዬ የከዳኝ ያን ጊዜ ነው። ተከራዬ ወርዶ በጎቹን በእጁ ይገፋ ጀመር። የሸሚዙ እጅጌ ላይ ደም ነበረ፤ እስከዚያ ድረስ አላየሁትም ነበር።

ሆስፒታሉ ከኦሎምፒያ ብዙም አይርቅም። ደም የሚቀበሉበት ክፍል ውስጥ ያገኘናት ነርስ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ አንገቷ ላይ መስቀል ያሰረች ሴት ናት። እጄን እያሰረች ጠየቀችኝ፤

«ዛሬ ምግብ በልተዋል?»

«አዎ» አልኩ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ማሰቢያም አልወሰድኩም። ብበላ ቀኖናዬ ይፈርሳል፤ አልበላሁም ካልኩ አትወስድልኝም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ለማትረፍ ዋሸሁ። የደም ግፊቴን ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ፊቴን፣ ከንፈሬን፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን አፈር አየችው።

«አባባ፣ ከስግደት ነው የመጡት። መቼ ነው የበሉት?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ውሃስ?»

«አክፍያለሁ» አልኩ። «ከማታ ጀምሮ። ውሰጂልኝ ልጄ፤ እኔ ጠንካራ ነኝ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አለችኝ፤ የእሷም ከንፈር ደርቋል። «በዚህ ግፊት ግን ደም አልወስድም። ወድቀው ቢቀሩብኝ ሁለት በሽተኛ ይሆንብኛል። ይጠጡ፣ ይብሉ፣ ትንሽ ይረፉ። እስከዚያ የደምዎትን ምርመራ እናደርሳለን።»

እዚህ ላይ ነው ብልጠቴ የመጣው። በአገራችን ጾም ላይ ያልተፈለሰፈ ብልሃት የለምና እኔም ፈለሰፍኩ። «እንግዲያውስ ጉሉኮስ ስጪኝ» አልኳት። «በአፌ ካልገባ አልበላሁም፣ አልጠጣሁም ማለት ነው። በክንዴ አስገቢው፤ ከዚያ በሌላው ክንዴ ውሰጂ።»

ነርሷ መርፌውን አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ። «እግዜር በጉሉኮስ የሚሸወድ ይመስልዎታል?» አለች። እየሳቀች አልነበረም። «ጉሉኮስ ሰጥቼ ወዲያው ደም መቅዳት አይፈቀድልኝም። ዳቦ ይበሉ። ካልበሉ ደግሞ አሁኑኑ ይንገሩኝና ሌላ ሰው ይፈለግ።»

«ሌላ ሰው አለ?»

«የለም» አለች።

ተከራዬ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ወጥቶ ሄደ። እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ዝግ ነው፤ በስቅለት ቀን ቄስ ስልክ አያነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ለሚስቴ ደወልኩ፤ ስልኳ ባዶ ቤት ውስጥ ሲጠራ ታየኝ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀሚስም አብሮ ታየኝ። ከሁለት አንዳችሁ ካፈረሳችሁ ፈርሷል። የማፈርሰው የራሴን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የእሷን ነው። ልጅ ያልወለደች ሴት፣ ምንም ጠይቃኝ የማታውቅ ሴት፣ አንዱን ነገር ልታገኝ ሁለት ቀን ሲቀራት እኔ በአንድ ጉርሻ ልነጥቃት ነው።

በእግዜር ተቆጣሁ። በልቤ አይደለም፤ በከንፈሬ። «ጌታ ሆይ፣ ቀን አጣህ? በዓመቱ ውስጥ ሌላ ቀን አልነበረህም?» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴት ፈቀቅ አለች። የባሰው ደግሞ መልሱን ማወቄ ነው። ግማሽ ቀን የሰገድኩለት እሱ ለማያውቁት ደሙን እንዳፈሰሰ ሲነበብ ከጠዋት ጀምሮ ስሰማ ውያለሁ። እኔ ለማውቃት፣ ሳምቡሳዋን ለበላሁላት ልጅ አንድ ከረጢት ለመስጠት እዚህ ተቀምጬ ስለ ጉሉኮስ እከራከራለሁ።

ከወዲያኛው በር አንድ ሐኪም ወጣ፤ ጓንቱን ሳያወልቅ ነርሷን በዓይኑ ፈለጋት። «ደሙስ?» አላት። «እየጠበቅሁ ነው» አለችው። ሐኪሙ እኔን አየኝና ተመልሶ ገባ።

ተከራዬ ተመለሰ። በፌስታል ዳቦ፣ በፕላስቲክ ብርጭቆ ሻይ ይዟል። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ መሬቱ ላይ አስቀመጠው። «ዳቦው ቅቤም ወተትም የለበትም፤ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። የጾም ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ የእርስዎን ነገር አውቃለሁ። እትዬ ቀሚሳቸውን ለሚስቴ አሳይተዋታል። ከከበደዎት ይተውት። አልቀየምዎትም።»

ብትለምነኝ ይሻል ነበር አንተ ልጅ! «ዝም በልና ስጠኝ» ብዬ ዳቦውን ነጠቅሁት።

አማተብኩና በላሁ። ሻዩ ውስጥ እየነከርኩ፣ ዕንባዬ እየወረደ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ በስቅለት ቀን። ጌታችን በመስቀል ላይ በተጠማበት ሰዓት እኔ ስኳር የበዛበት ሻይ እጠጣለሁ። ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ መጣፈጡ ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዳቦ የለም፤ ባይጣፍጠኝ ምናለ? ውሃ ጨመሩልኝ፣ ጠጣሁ። ነርሷ ደግማ ለካችኝ፣ አስተኛችኝ፣ ወጋችኝ። ከረጢቱ ሲሞላ አየሁት። ምርመራው እንዳበቃ ይዛው እየሮጠች ሄደች፤ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ስትሮጥ ማየት ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሐኪሙ ወጥቶ ለባልየው ነገረው። ደሙ ቆሟል፤ ግን ብዙ ፈስሷታል፤ ኦፕሬሽንም ተደርጎላታል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታለች፤ አልነቃችም። «ከዚህ በኋላ ጠብቀን የምናየው ነው» አለ። ሕፃኗ ደህና ናት። ተከራዬ እጄን ይዞ ሊስም ጎነበሰ፤ ከለከልኩት። «ገና ነው፤ ስትነሣ ታመሰግነኛለህ» አልኩት። ጭካኔ ይመስላል፤ እኔ ግን ፈርቼ ነው።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በር ላይ ቆማለች። «የት ሄደህ ነው? ወድቆ ይሆናል ብዬ ግቢውን ሙሉ ስዞር ነው የመጣሁት» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ውሸቴን፣ ጉሉኮሱን፣ ዳቦውን። ስጨርስ መኝታ ቤት ገባች፣ ቀሚሱን ከግድግዳው አወረደች፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስገባች፣ ከደነችው። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ እንዴት በወደድኩ። ጩኸት የእኔ ቋንቋ ነው፣ እመልስ ነበር። ዝምታዋ ግን መግቢያ የለውም።

መብራት ሳጠፋ ብቻ «ልጅቷስ?» አለችኝ።

«አልነቃችም።»

ጠዋት ስነሣ የለችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የንስሐ አባታችን ለምሥራች ቄጤማ ይዘው ቤታችን መጡ። ቄጤማውን ግንባሬ ላይ እንዳሰሩልኝ ነገርኳቸው። ስለ ዳቦው ሳወራ አልተናገሩም። ስለ ደሙ ሳወራ አልተናገሩም። መጨረሻ ላይ፤

«ነርሷን ዋሸሃት?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«በስቅለት ቀን?»

«አዎ።»

«ዳቦውን እግዜር ያውቀዋል፤ እኔ አልከራከርበትም። ለዋሸኸው ግን በዓለ ሃምሳው ሲያልፍ ሰባት ቀን ትሰግዳለህ» አሉ። ቁርባኑን ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አብራችሁ ነው ያልኩት። ቀኖናው ፈርሷል። ፍልሰታ ይደርሳል፣ ያኔ ትዘጋጃላችሁ።» ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ፣ በር ላይ ግን ቆሙ። «የልጅቷ ስም ማን ነው?» ነገርኳቸው። «በቅዳሴው አስባታለሁ» አሉና ሄዱ።

ሚስቴ የመጣችው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ውላለች። የልጅቷ እናት ከአገር ቤት ተነሥተው መንገድ ላይ ናቸው፤ አልደረሱም። «እስኪደርሱ ደጇ ላይ የሚቀመጥ ሴት ያስፈልጋታል። በመስታወት ብቻ ነው የሚያሳዩን» አለችኝ። ከትናንት ወዲህ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይህ ነው። ቄሱ ያሉትን ነገርኳት። ፍልሰታ ሲባል ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ከፈተችው።

«እንግዲህ አንቺም ፍቺው» አልኳት። «ቁርባኑ ከቀረ ምን ያስርብሻል? ቢያንስ ውሃ ጠጪ፤ ራስሽን ልትጥዪ ነው።»

«አልፈታም።»

«ለምንድን ነው የማትፈቺው?»

«ለቁርባን የያዝኩትን አንተ ፈታኸው» አለችኝ። «ይሄኛው ለልጅቷ ነው። እስክትነቃ በአፌ ምንም አይገባም ብዬ ለእመቤቴ ነግሬያታለሁ።»

«ባትነቃስ?»

ወደ ኩሽና ገባች። የገብስ ዱቄት በጥብጣ፣ በቅቤና በማር አድርጋ አጥሚት ሠራች። ሽታው ቤቱን ሞላው። ለአራስ የሚሠራ ነው፤ ትነሣለች ብሎ ላላሰበላት ሴት ማን ይሠራዋል? ሳትቀምሰው፣ ማሩ በቃ አልበቃ ሳታውቅ ፔርሙስ ውስጥ ጨመረችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ክዳኑን ለመግጠም ሦስት ጊዜ ስትሞክር አያለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ የፈራሁላት ጊዜ የለም። ሁለት ሴት በአንድ ክር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ክሩን የያዘው ደግሞ እኔ አይደለሁም።

የትንሣኤን ቅዳሴ ቆመን አስቀደስን። ሰው መቁረብ ሲጀምር ባልና ሚስት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በፊታችን አለፉ፤ ከእነሱ ውስጥ አንዲት ሴት የሚስቴን የመሰለ ቀሚስ ለብሳለች። ሚስቴ ዓይኗን አላነሣችም፤ እጇ ግን መጥቶ እጄን ያዘ። ያን ሰዓት የሆንኩትን በትክክል ልናገር አልችልም። ሱቅ አለኝ፣ ቤት አለኝ፤ ሠርቼ ያገኘሁትን ሁሉ ስቆጥር ኖሬ አንድም ቀን በቃኝ ብዬ አላውቅም። የምንፈልገው ቀርቶብን፣ ከዳር ቆመን፣ ደሜ የእኔ ባልሆነ አካል ውስጥ እየዞረ ሳለ ግን አንድም የጎደለኝ ነገር አልነበረም። ለልጅቷ እየፈራሁ ነው ይህን የምለው፤ ፍርሃቱም ደስታውም አብረው ነበሩ።

ሰዉ «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባለ ዶሮ ወጡ ወዳለበት ሲጣደፍ እኛ በኢምፔሪያል በኩል ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሚስቴ ፔርሙሱን ጭኗ ላይ አቅፋ መኪናው ውስጥ አንገቷ ሁለት ጊዜ ዘንበል አለብኝ። ሁለቱንም ጊዜ ስሟን ጠራሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ «አለሁ» አለችኝ። ሰማዩ እየነጋ ነበር።

ተከራዬ ኮሪደሩ ላይ የለም። ተቀምጦበት የነበረው ወንበር ባዶ ነው። ሚስቴ ግድግዳውን ተደገፈች። እኔ በሩን ልመታ እጄን ሳነሣ ነርስ ከፈተችውና «እትዬ የሚሏት እርስዎ ነዎት? በሽተኛዋ ስትጠራዎት ነበር፤ አንድ አንድ ሆናችሁ ግቡ» አለች። አንድ አንድ ማለቷን አልሰማንም፤ ሁለታችንም ገባን።

ልጅቷ ነቅታለች። ፊቷ እንደ አመድ ነው፣ ድምፅዋ ከትራሱ አይርቅም፣ ግን ነቅታለች። ባሏ ከራስጌዋ ቆሞ ያለቅሳል። ሐኪሙ ፈሳሽ ነገር በትንሽ በትንሹ ትውሰድ ማለቱን ነገረን። ሚስቴ ፔርሙሱን ከፈተች፣ ክዳኑ ላይ ባለችው ኩባያ ቀዳች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ከልጅቷ አንገት ሥር እጇን አስገብታ ቀና አደረገቻት። «በይ የኔ ልጅ፣ በትንሹ» አለቻት።

ልጅቷ አፏን ዘጋች። ኩባያዋን በሁለት ደካማ ጣቶቿ ወደ ሚስቴ መልሳ ገፋቻት።

«ነግሮኛል» አለች፣ ወደ ባሏ በዓይኗ እያሳየች። «ከሐሙስ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። እርስዎ ካልቀመሱ እኔ አልጠጣም።»

ሚስቴ አየቻት። የተሰነጣጠቀ ከንፈሯን ኩባያዋ ጠርዝ ላይ አስጠግታ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ያንኑ ኩባያ መልሳ ለልጅቷ አጠጣቻት። ጾሟን የፈታችው እዚያ ነው።